ስምንት መቀመጫ



ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስምንት ነን። አምስታችን ከውርጌሳ፣ ሁለታችን ከመርሳ፣ አንዷ ከጊራና ነን፤ በአጭሩ የሐብሩ ልጆች ነን። ካፌ ላይ ስንገናኝ የማያልቅ አንድ ክርክር አለን፤ ስለ አንድ የመዝናኛ ባቡር፣ ሮለር ኮስተር ስለሚባለው። ሲሰማ የሕፃን ነገር ይመስላል። እኛም እንደዚያ መስሎን ነበር።

ከግቢያችን ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ሳያድር አይሄድም። ባለፈው ዓመት አረፋን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ስንነሳም እንዲሁ ሆነ። ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሳው በማግስቱ ንጋት ላይ ስለነበር ከሰዓት በኋላው ባዶ ሆነብን። ዘመድ ቤት ተኮልኩለን ከምንውል ብለን፣ ከእህቶቻችን አንዷ በስልኳ ስታሳየን ወደከረመችው መዝናኛ ቦታ ሄድን። የቦታውን ስም አንጠራም። የምንጽፈው ስለ እነርሱ ሳይሆን ስለ ራሳችን ነውና።

ሮለር ኮስተሩ ትልቅ አይደለም። ቁመቱ ከባለ ሦስት ፎቅ ቤት ብዙ አይበልጥም። በሰንሰለት እየተጎተተ ይወጣል፣ አንዴ ቁልቁል ይወረወራል፣ ሁለት ጊዜ ይጠመዘዛል፣ ሦስት ጉብታ ይዘላል፣ ወደ መነሻው ይመለሳል። ባቡሩ አንድ ብቻ ነው። መቀመጫው ስምንት ነው፤ ሁለት ሁለት ሆኖ በአራት ረድፍ።

ጉዞው 1 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ነው፤ በስልክ ለክተነዋል። ከአንዱ ዙር መነሻ እስከሚቀጥለው መነሻ ግን 4 ደቂቃ ይሄዳል። ወራጆቹ ጫማቸውንና ቦርሳቸውን አንስተው መውጣት አለባቸው፤ አዲሶቹ መቀመጥ አለባቸው፤ ሠራተኛው የእያንዳንዱን ሰው ቀበቶ በእጁ ስቦ፣ ጭን ላይ የሚያርፈውን ብረት ገፍቶ ማረጋገጥ አለበት። በሰዓት 15 ዙር፣ በዙር 8 ሰው፣ በድምሩ በሰዓት 120 ሰው ማለት ነው። ከፊታችን የቆመውን ስንቆጥር 160 ገደማ ሆነ። የኢንጂነሪንግ ተማሪው ወንድማችን ወዲያው "አንድ ሰዓት ከሃያ" አለ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ትኬት ቆርጠን ተሰለፍን።

ብዙም ሳንቆይ የዐስር አዛን ተሰማ። መስጊዱ ቅርብ ነው። ስምንታችንም ብንወጣ ሰልፉ ይጠፋብናል። ከመካከላችን አንዱ "እናንተ ሰግዳችሁ ኑ፣ እኔ ልቁም፤ ስትመለሱ እሄዳለሁ" አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሰባታችን ሄደን ሰገድን። ውዱእና ሶላቱ ተደምሮ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም።

ከመስጊዱ ስንወጣ አንዲት ሻይ ቤት አየን። ትኩስ ሳምቡሳ ከዘይት እየወጣ ነው። "ገና አንድ ሰዓት አለን እኮ" አለ አንዱ። ተቀመጥን። ሻዩ ሁለተኛ ተቀዳ፣ ወሬው ደራ፣ የፈተና ነገር ተነሣ፣ የመምህራን ነገር ተነሣ። ቆሞ የሚጠብቀን ወንድማችን ደውሎ "ደርሻለሁ፣ ከፊቴ አንድ ዙር ብቻ ነው የቀረው" ሲለን ነው የተነሣነው።

ስንደርስ ከወንድማችን ኋላ አንድ አባት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የስድስት ዓመት የምትሆን ልጅ፣ በሌላው ትንሽ ከፍ ያለ ወንድ ልጅ ይዘዋል። እርሳቸው ሲሰለፉ እኛ ስላልነበርን ከፊታቸው ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው የመሰላቸው። ሰባት ሰው ተንጋግቶ ሲገባባቸው ዞር ብለው አዩን። ከእኛ አንዱ ቶሎ ብሎ "ይቅርታ ጋሼ፣ አብረን ነበርን፤ ለሶላት ሄደን ነው" አላቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ። "ሶላት ከሆነማ ምን ይባላል! ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ" አሉ፤ ልጆቻቸውንም ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ቦታ ሰጡን።

ተሳፈርን። ስምንት መቀመጫ፣ ስምንት ሰው፣ ልክክ አለ። እህቶቻችን መጎናጸፊያቸውን በመርፌ ቁልፍ አጠበቁ። ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ላይ ይዞን ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሞተር የለም፣ የሚነዳው የገዛ ክብደቱ ነው። ሲወርድ ሆድ ባዶ የሚሆነው ሰውነታችን ከመቀመጫው ጋር አብሮ ስለሚወድቅና ክብደታችንን የሚሸከም ነገር ስለምናጣ ነው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምናውቀው መጮኻችንን ብቻ ነው።

ስንወርድ ሠራተኛው ሰንሰለቱን ዘግቶ "የዛሬው የመጨረሻ ዙር ይህ ነበር፤ ትኬታችሁ ለሌላ ጨዋታ ያገለግላል" ብሎ ለቀሩት አስታወቀ። ሠላሳ የሚሆን ሰው እያጉረመረመ ተበተነ። እኛ ገና እግራችን እየተንቀጠቀጠ እየተሳሳቅን ነበር። ትንሿ ልጅ ስታለቅስ ሰምተናል። አባቷ አቅፈው "ሌላ ቀን እናመጣሻለን" እያሉ ሲያባብሏት አይተናል። ቆሞ የጠበቀን ወንድማችን ዐስር ሳያመልጠው ወደ መስጊዱ ሮጠ። ሰባታችን ፎቶ ተነሣን።

የዚያን ዕለት ማታ የሁላችንም አስተያየት ሌላ ሌላ ነበር። የመርሳው ልጅ "ወላሂ አሁን ቢሉኝ ለሱ እንደገና አንድ ሰዓት እቆማለሁ" አለ። የአካውንቲንግ ተማሪው ሒሳቡን አወጣ፤ 80 ደቂቃ ቆመን 70 ሴኮንድ ጋለብን፤ ለእያንዳንዷ ሴኮንድ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈልን፤ ኪሳራ ነው አለ። ከፊት የተቀመጠችው እህታችን ቁልቁለቱን ፊት ለፊት ማየት ነው ጣዕሙ አለች። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ኋላ ይበልጣል ብሎ ተሟገተ። በዚህ እርሱ እውነት አለው። ፊተኛው ረድፍ ጫፉን ሲያልፍ ባቡሩ ገና ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ኋለኛው ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ፊተኛው ቀድሞ እየወረደ ስለሚጎትተው በፍጥነት ይወረወራል። ሌላዋ እህታችን ዓይኗን አንዴም እንዳልገለጠች አምና አሳቀችን። የጊራናዋ ልጅ "ትንሽ መሆኑ ነው ደስ ያለኝ፤ እርስ በርሳችን ስንጮህ እንሰማማለን፤ ሠራተኛውም እያንዳንዱን ቀበቶ በእጁ ይነካል" አለች። ኢንጂነሩ "ሁለተኛ ባቡር ቢጨምሩለት ነገሩ ሁሉ ያልቃል" አለ። ስምንተኛው፣ ቆሞ የጠበቀን፣ ምንም አላለም።

በማግስቱ ጣርማ በር ላይ ደረስን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ሲጠማዘዝ መስኮቱ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ግድግዳ ይሆናል። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይጋደማል። የመርሳው ልጅ "ይኸው ሮለር ኮስተር! ሰልፍ የለ፣ ቁልቁለት ብቻ" ብሎ ሲያስቀን፣ ዝም ብሎ የከረመው ወንድማችን ተናገረ።

"ያ ሰውዬ ግን ለሶላት ብሎ ነው የለቀቀልን" አለ። "ሶላቱ ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። ቀሪውን አንድ ሰዓት ምን ስትሠሩ ነበር?"

ማንም አልመለሰም። ሒሳቡን የሠራው ራሱ አካውንታንቱ ነው። ሻይ ቤት ባንቀመጥና ሶላታችንን ጨርሰን ብንመለስ ኖሮ ከአባትየው ፊት መሆናችን በሐቅ ነበር፤ እርሳቸውም ሲሰለፉ ስምንት ሰው ከፊታቸው ያዩ ነበር። እኛ ግን ሰልፉን ለሻይ ትተን ሄድን። በዚያ ዙር በሐቅ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሰባት መቀመጫ የሌላ ሰው ነበር። ከሰባቱ ሦስቱ የእኚያ አባትና የልጆቻቸው ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቃሉ ነው። "ለሶላት ሄደን ነው" ያልነው ውሸት አልነበረም፤ ሰግደናል። ግን እርሳቸው ቦታውን የለቀቁልን ለሶላቱ ነው፤ እኛ የተቀበልነው ለሳምቡሳው ነው። በሶላት ስም ሻይ ጠጣን። ይህ ሲገባን አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሣቅ ጠፋ። እኚያን አባት ፈልገን "አፉ በሉን" እንዳንላቸው ስማቸውን አናውቅም፣ ሰፈራቸውን አናውቅም። የሰው ሐቅ ከባድ ነው እየተባለ ሲነገረን ያደግነው ባለቤቱ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ገባን።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ ክርክሩ ወደ ማሽኑ ዞረ። ጥፋቱን ከላያችን የሚያወርድልን ነገር እየፈለግን ነበር። "ባቡሩ ብዙ ሰው ቢይዝ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር" አልን። ነገሩን በኋላ አጣርተናል፤ እውነትም አለው። ትልልቆቹ ሮለር ኮስተሮች በሰዓት ከአንድ ሺህ ሰው በላይ ያጓጉዛሉ። ምሥጢሩ ፍጥነት አይደለም። አንዱ ባቡር ሐዲዱ ላይ ሲሆን ሌላው መነሻው ላይ ሰው ይጭናል፤ ሐዲዱም በክፍል በክፍል ተከፍሎ በአንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገባ ፍሬን ይጠብቀዋል። የእኛው ግን አንድ ባቡር ብቻ ስላለው ሰው ሲጫን ሐዲዱ ባዶ ነው፤ ባቡሩ ሲሄድ መነሻው ባዶ ነው።

እንዲህ ያለው ችግር አዲስ አይደለም። ላማርከስ ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1884 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ የከፈተው የመዝናኛ ሐዲድ የሚሄደው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዋጋው 5 ሳንቲም ነው። መጨረሻው ላይ ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሠራተኞች ጋሪውን ወደ ሁለተኛው ሐዲድ ከፍታ እስኪገፉት መጠበቅ ነበረበት። ያም ሆኖ ሕዝብ ይጎርፍለት ነበር። ከእኛ የአንዷ ታላቅ እህት አቡ ዳቢ ትሠራለች፤ ፎርሙላ ሮሳ የሚባለውን ቪዲዮ ልካልን ደጋግመን አይተናል። በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ በአምስት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ነፋሱ ዓይን እንዳይጎዳ ለተሳፋሪው መነጽር ይሰጠዋል። እዚያም ቢሆን አንዱ ባቡር የሚይዘው 16 ሰው ነው። እዚያም ሰው ይሰለፋል። ማሽን ሰልፉን ያሳጥራል እንጂ ከሰልፍ አያወጣም።

የቀረውን ያስተማረን የውርጌሳ ዥዋዥዌ ነው።

በአረፋ ማግሥት የሰፈር ልጆች ገመድ ይዘው መጡ። እኛም በልጅነታችን እንደዚሁ ነበርን፤ ቁመት ያለው ዛፍ ላይ ወጥቶ ያስራል፣ የቀረው ከታች ሆኖ ይመክራል። አሁን ቁመቱ የእኛ ስለሆነ አሰርንላቸው። ትልቅ ዋርካ፣ አራት ሜትር የሚሆን ገመድ፣ መቀመጫው የታጠፈ ማዳበሪያ። አንዱ ልጅ ከአንዱ ቢከብድም የዥዋዥዌው ምት እምብዛም አይለወጥም፤ የሚወስነው የገመዱ ርዝመት ነው። በአራት ሜትር ገመድ ሄዶ ለመመለስ አራት ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። የልጆቹ ሕግ ለአንድ ሰው ሃያ ምት ነው፤ ይህ 80 ሴኮንድ ነው። መውረጃና መውጫው ሲጨመር ለአንድ ልጅ 2 ደቂቃ፣ በሰዓት 30 ልጅ። የተሰለፉት አርባ ናቸው። ኢንጂነሩ ስቆ ዞረብን፤ "አንድ ሰዓት ከሃያ" አለ። ልክ እንደ አዲስ አበባው።

ነገር ግን እዚህ የሚያጉረመርም የለም። ለምን እንደሆነ ቆመን አየን። ሃያውን የሚቆጥሩት የተሰለፉት ልጆች ናቸው፤ በአንድ ድምፅ፣ ጮክ ብለው። የሚገፋው ቀጥሎ ባለተራ የሆነው ነው። መጠበቁ ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነው። ስንት እንደቀረው የማያውቅ ልጅ የለም። ተራውን የምትጠብቀው የአሥራ አንድ ዓመት የምትሆን ልጅ ናት፤ ማንም አልሾማትም፣ ሁሉም ይታዘዛታል።

አንድ ልጅ ከመሐል ተነሥቶ "እናቴ ለጎረቤት ሥጋ አድርስ ብላኛለች፤ ተራዬን ያዙልኝ" አለ። ልጅቷ "ሮጠህ ተመለስ" አለችው። ሰሐኑን ይዞ በረረ፤ ሲመለስ እያለከለከ ነበር፤ ቦታው ገባ፣ ማንም አልተቃወመም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላው ተራው ሲደርስ ሁለት ወንድሞቹን ከቤት ጠርቶ ከፊቱ ሊያስገባ ሞከረ። "ለእነሱም ይዤ ነበር" አለ። ልጅቷ እጇን ዘረጋችና አገደቻቸው።

"ከኋላ ይቁሙ። ተራ የእግር ነው፣ የአፍ አይደለም" አለች።

ስምንታችንም ሰማናት። ቀና ብሎ ያያት ግን ያ ቆሞ የጠበቀን ወንድማችን ብቻ ነው።

እኛ በአንድ መንገድ ሙሉ ስንከራከርበት የመጣነውን እርሷ በሁለት ፍርድ ጨረሰችው። ሥጋ አድራሹን ፈቀደችለት፤ ምክንያቱም ጉዳዩን ለሁሉም ተናገረ፣ በጉዳዩ ልክ ሄደ፣ ሮጦ ተመለሰ። ወንድሞቹን የጠራውን ከለከለችው፤ ምክንያቱም ያልቆመ እግር ተራ የለውም። ለሶላት የሄድነው ሃያ ደቂቃ እንደ ሥጋው ነበር። ሻይ ቤቱ እንደ ወንድሞቹ ነው። ዑዝር የሚሸፍነው ራሱን ያህል ነው፤ ተርፎ ለሌላ አይሆንም።

ይህን ለምን ለእናንተ እንደምንጽፍ ታውቁታላችሁ። ግቢያችን ውስጥ ሮለር ኮስተር የለም፤ ሰው በዝቶ ቦታ ያነሰበት ነገር ግን ሞልቷል። በፈተና ሰሞን ላይብረሪ ንጋት ላይ ገብቶ በስድስት ወንበር ላይ ስድስት ደብተር የሚዘረጋ አለ፤ አምስቱ ባለቤቶች እስከ ረፋድ ተኝተዋል፤ ቀድሞ የመጣው ተማሪ ግድግዳ ተደግፎ ያነባል። ካፌ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ አንድ ዶርም ሙሉ ከፊቱ ይገባል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ አንድ ጀሪካን አሥር ጀሪካን ይጠራል። ሁሉንም አድርገናል። "አብረን ነን" ማለት እንዴት ደስ እንደሚል እናውቃለን፤ ጀመዓ መሆን ከኋላችን ለቆመው ብቸኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ግን አስበን አናውቅም ነበር። ስምንት ሆነን ስንሳሳቅ፣ ለዚያች ልጅ ስምንታችን አንድ ግድግዳ ነበርን።

ከዚያ ወዲህ ስምንታችን የተስማማንበት ትንሽ ነገር አለ። ቦታ የምንይዘው ለአንድ ሰው፣ ለታወቀ ጉዳይ፣ ለጉዳዩ ልክ ነው። ለሶላት የሄደ ሰግዶ ይመለሳል። ካልተመለሰ ደብተሩ ይነሣል፤ የሚያነሣው ራሱ ቦታውን የያዘለት ጓደኛው ነው። መጀመሪያ ላይ አኳርፎናል። ከእኛ አንዱ ደብተሩ ተነሥቶ ሲያገኘው ሁለት ቀን አላናገረንም። አሁን ለምዶታል፤ አልሐምዱሊላህ።

ክርክራችን ግን አላለቀም። ሮለር ኮስተሩ ያዋጣ ነበር ወይስ አያዋጣም? የመርሳው ልጅ አሁንም ያዋጣል ይላል፤ አካውንታንቱ አሁንም ኪሳራ ነው ይላል፤ የኪሳራው ሒሳብ ግን ተለውጧል። ዘንድሮ ለአረፋ በአዲስ አበባ ስናልፍ፣ ኢንሻአላህ፣ እንደገና እንሄዳለን። የሚሰግደው ሰግዶ፣ የሚጠጣው ሻዩን ቀድሞ ጠጥቶ፣ ስምንታችንም በእግራችን እንቆማለን። እኚያን አባት ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ብናገኛቸው የምንላቸውን ተለማምደነዋል። ባናገኛቸው ደግሞ ከኋላችን ልጅ ይዞ ለቆመ ለማንኛውም ሰው ሦስት መቀመጫ እንለቃለን። ያ የእርሳቸውን ሐቅ እንደማይመልስ እናውቃለን። ምናልባት ከእናንተ አንዱ እኚያን አባት የሚያውቅ ከሆነ ግን፣ ለአረፋ ዋዜማ ሰሞን ትንሽ ሴት ልጃቸው ሮለር ኮስተር ሳትሳፈር አልቅሳ የተመለሰችባቸውን አባት፣ ስምንት የሐብሩ ልጆች አፉ በሉን ብለዋል በሏቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።